ሒሳብ ላይ የጎደለችው ዓመት

ቤትዎ ውስጥ ከጎጃም የመጣ ተማሪ አለ? የእህትዎ፣ የአጎትዎ ወይም የባለቤትዎ ዘመድ ልጅ? ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ልጃቸውን ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ዘመድ ጋር የላኩ ወላጆች አሉ። ልጁ አሁን 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ገብቷል። ዩኒፎርም ተሰፍቶለታል፣ ደብተር ተገዝቶለታል፣ ምናልባት አስጠኚም ተቀጥሮለታል። ሒሳቡ ግን አልሄድ ብሎታል።

ታሪክ ላይ አንድ ምዕራፍ ያመለጠው ልጅ ቀጣዩን አንብቦ ሊረዳ ይችላል። ሒሳብ እንዲህ አይደለም። የጎጃም ሰው ከሆኑ ነገሩን ከቅኔ ቤት ያውቁታል። ተማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ እያለ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ጉባኤ ቃና ያልሞላለትን ልጅ “መወድስ ቁጠር” የሚል መምህር የለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ይላል። 9ኛ ክፍልን በቅጡ ያልተማረ ልጅ ካርዱ ላይ “ተዛውሯል” ስለተባለ ብቻ 11ኛ ክፍል ተቀምጦ ይገኛል።

ጉድለቱ የት ላይ እንደሚወጣ በአንድ ጥያቄ ላሳይዎት። አንድ የቡሬ ገበሬ አራት ጥማድ መሬት አለው እንበል፤ በቆሎና በርበሬ ሊዘራበት አስቧል። በቆሎ ለአንድ ጥማድ 10 የሥራ ቀን፣ በርበሬ 20 የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ ቤተሰቡ ያለው ጉልበት 60 የሥራ ቀን ነው። ከአንድ ጥማድ በቆሎ 9,000 ብር፣ ከበርበሬ 12,000 ብር ያተርፋል። ከየትኛው ስንት ይዝራ? ሁሉንም በቆሎ ቢያደርገው 36,000 ብር ያገኛል። በርበሬ ብቻ ቢዘራ ጉልበቱ የሚበቃው ለሦስት ጥማድ ነው፤ ትርፉ ያው 36,000 ብር። ሁለት ሁለት ጥማድ ቢያደርገው ግን 42,000 ብር ይሆናል። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ እንዳይስቅብኝ።)

ይህ 12ኛ ክፍል “ሊኒየር ፕሮግራሚንግ” የሚባለው ምዕራፍ ነው። አስጠኚው ቀመሩን በአንድ ቅዳሜ ሊያስይዘው ይችላል። ነገር ግን “ከአራት ጥማድ አይበልጥም” የሚለውን ወደ ሒሳብ ምልክት መቀየር የ9ኛ ክፍል ትምህርት ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ ማግኘትም እንዲሁ 9ኛ ክፍል ላይ ይጀመራል፤ መስመሩን ግራፍ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ 10ኛ ክፍል ላይ ይጠናከራል። ልጁ ያቺን ዓመት በቤቱ ከከረመ፣ የ12ኛ ክፍል አስጠኚ የሚከፈለው ገንዘብ መሠረት በሌለው ቤት ላይ ቆርቆሮ መምታት ነው።

ብሔራዊው ፈተና ደግሞ እንደ ቀድሞው አይደለም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ከጀመሩበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህ የመላ አገሪቱ ውጤት ነው፤ ጎበዝ የሚባሉ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችም ተደምረውበት።

“እንግዲያው ሶሻል ይግባ፣ ከሒሳብ ይገላገላል” የሚል ምክር በየቤቱ ይሰማል። እኔ የተመረቅሁት በቢዝነስ ነው፤ የምሠራውም ማርኬቲንግ ላይ ነው። በመቶኛ ሳላሰላ የምውልበት ቀን የለም። ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጠ ልጅ ብሔራዊ ፈተናው ላይ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ካለፈም፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ “ሒሳብ ለማኅበራዊ ሳይንስ” የሚባል ኮርስ አለ፤ ማትሪክስም ካልኩለስም በውስጡ ይዟል። ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ልጁ ታሪክና ጂኦግራፊ ስለሚወድ ሶሻል ቢገባ እሰየው፤ ሒሳብ ፈርቶ ከሆነ ግን መሸሸጊያው እዚያ አይደለም።

ጉድለቱ ሁሉ በግጭቱ የመጣ አይምሰልዎት። የጃቢ ጠህናን የገጠር ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ፍኖተ ሰላም ቤት ይከራያል። ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት አገር ቤት ይወርዳል፤ የከተማ ልጅ በሚያጠናበት ሰዓት እሱ መንገድ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ጥያቄው ሳይገባው የቀረ ልጅ ሒሳብ አይችልም ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ እንዲሠራ ከማዘዝዎ በፊት ጥያቄውን በአማርኛ እንዲነግርዎት ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከዚያ ላይ ይታያል።

አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ፤ ይሉኝታ። ዘመድ ቤት ያረፈ ልጅ፣ ለዚያውም የጎጃም ልጅ፣ “ገባህ?” ቢሉት “አዎ ጋሼ” ነው የሚለው። እንጀራዎን እየበላ “አልገባኝም” ማለት እንደ ውለታ ቢስነት ይታየዋል። ስለዚህ “ገባህ ወይ” አይበሉት፤ እስክሪብቶ ይስጡት። የአንድ ሦስተኛና የአንድ አራተኛ ድምር ስንት ነው? (ሰባት አሥራ ሁለተኛ።) የ100 ብር ዕቃ 20 በመቶ ጨምሮ እንደገና 20 በመቶ ቢቀንስ ስንት ይሆናል? (96 ብር።) ኔጋቲቭ ሁለት ኤክስ ከስድስት የሚያንስ ከሆነ ኤክስ ምን ይሆናል? (ከኔጋቲቭ ሦስት ይበልጣል።) መጀመሪያ ሁለቱ ላይ ከተደናቀፈ ክፍተቱ ከ9ኛ ክፍል በታች ነው። ሦስተኛው ላይ ብቻ ከሆነ 9ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ በጥቂት ወራት ሊሞላ የሚችል ነው።

ከዚያ የ9ኛ ክፍልን መጽሐፍ ያውጡለት። በየምዕራፉ መጨረሻ ያለውን የክለሳ መልመጃ በራሱ ይሥራ፤ ብዙውን ያገኘበትን ምዕራፍ ይለፈው፤ የወደቀበት ላይ ይቁም። አስጠኚውንም በግልጽ ይንገሩት፦ ሳምንቱን ሙሉ የትምህርት ቤቱን የቤት ሥራ ከሚሠራለት፣ ከሦስት ቀን ሁለቱን ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ይስጥ። ልጁ በመጀመሪያ ያፍራል። የታናናሾቹን መጽሐፍ ይዞ መታየት ለ18 ዓመት ጎረምሳ ቀላል አይደለም፤ ሳሎን ሳይሆን መኝታ ክፍል ያጥና።

ግማሹን ባያመጣስ? በየዓመቱ በሚወሰን የመቁረጫ ነጥብ ለተመረጡ ተማሪዎች ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሰጣል። እዚያም ሒሳብ በተፈጥሮም በማኅበራዊም ዘርፍ አለ፤ ጊዜው ግን የወራት ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም 9ኛ ክፍልን ለመጠገን ፋታ አይሰጥም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው፤ እንጅባራና ባሕር ዳርም በዚያው አስፋልት ላይ ናቸው። አገሩ ሰላም ሲሆንለት ልጅዎ ተመልሶ እናቱ አጠገብ ሊማር ይችል ይሆናል። ለአሁኑ ግን መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ፣ የቁጥር ሥርዓት፣ ክፍልፋዮቹ ጋ።