አማቴ ዝም ያሉባቸው ሁለት ቀናት

አማቴ የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ በቀዶ ሕክምና ባስወጡ ማግሥት፣ ዓርብ ጠዋት ፋሻው ሲነሣላቸው መጀመሪያ ያዩት የልጃቸውን ሽበት ነበር። «አንተ ልጅ፣ መቼ አረጀህ?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። እሑድ በጉባኤ ፊት ቆመው መሰከሩ፤ እልልታው ደመቀ። ማክሰኞ ግን ቡና ቀድቼ ስሰጣቸው እጃቸው ሲኒውን አጥቶ አየር ሲዳብስ አየሁ። ጠጋ ብዬ ስመለከት ዓይናቸው ደም መስሏል፤ ቆቡም አብጧል።

«እማዬ፣ መቼ ጀመረዎት?»

«ከእሑድ ማታ ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል። እንደ ጭጋግም ጋርዶኛል። ግን ልጄ፣ አየሁ ብዬ በሰው ፊት መስክሬ ሳበቃ፣ ጠፋብኝ ብዬ ልናገር?»

ባለቤቴን ጠራሁት። እኩለ ቀን ሳይሆን ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ በመሣሪያው አይቶ፣ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ግርጌ የተጠራቀመ ነጭ መግል እንዳለ ነገረን። በሽታው ኢንዶፍታልማይትስ ይባላል፤ በዓይን ውስጥ የሚፈጠር ከባድ ኢንፌክሽን ነው። ባለቤቴ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላቸውን ሰው ሊወቅስ ቃጥቶት ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በሕመምተኛው በራሱ የዓይን ቆብና ሽፋሽፍት ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዓይን በአዮዲን የሚታጠበው ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ፣ በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ሴፉሮክሲም የተባለውን መድኃኒት ዓይን ውስጥ መጨመር ኢንፌክሽኑን ወደ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚቀንስ ከ16 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ተደርጎም አልፎ አልፎ ይከሰታል።

መድኃኒቱ በመርፌ በቀጥታ ዓይናቸው ውስጥ እንደሚሰጥ ስሰማ ጉልበቴ ራደ። «በክንዳቸው ቢሰጣቸውስ?» አልኩ። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳኝ። የዓይንን ውስጥ የሚመግቡት ደም ሥሮች ግድግዳቸው ጥብቅ ስለሆነ፣ በደም የሚሄደው መድኃኒት የሚበዛው እዚያ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የታተመ፣ 420 ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናትም በደም ሥር የተሰጠው አንቲባዮቲክ ተጨማሪ ጥቅም እንዳላስገኘ ደርሶበታል።

ከዚያ እጁን በፊታቸው እያወዛወዘ «ይታይዎታል?» አላቸው። «ጥላ ያልፋል» አሉ። እኔ እንደ ተራ ጥያቄ ቈጥሬው ነበር፤ ለካ ሕክምናው የሚወሰነው በዚያ መልስ ነው። በዚያው ጥናት የእጅን እንቅስቃሴ መለየት የቻሉት በመርፌው ብቻ የታከሙት፣ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ጋር እኩል ውጤት አግኝተዋል። ብርሃንና ጨለማን ብቻ የሚለዩት ግን፣ በመግል የተበከለው የዓይን ውስጥ ዝልግልግ ፈሳሽ ወዲያው በቀዶ ሕክምና ሲወጣላቸው በእጅጉ ተጠቅመዋል፤ ከባድ የማየት ችግር የቀረባቸው ከ47 ወደ 20 በመቶ ወርዷል። እንግዲህ በጥላና በብርሃን መካከል ያለችው ልዩነት ይህን ያህል ትመዝናለች፤ የእማዬ ዝምታ አንድ ቀን ቢጨመርበት ኖሮ የት እንደምንደርስ አላውቅም።

ዓይናቸው ደንዝዞ፣ ለምርመራ ጥቂት ፈሳሽ ተቀዳላቸው። ቫንኮማይሲንና ሴፍታዚዲም የተባሉ ሁለት መድኃኒቶችም ተሰጧቸው። ሁለት የሆኑት ጀርሙ በላቦራቶሪ እስኪለይ ድረስ የተለያዩትን የባክቴሪያ ዓይነቶች አንድ ላይ ለመምታት ነው። ውጤቱን መጠበቅ ግን ዓይንን ያሳጣል፤ ስለዚህ መርፌው ይቀድማል። ቤት ከገባን በኋላ እኔና ባለቤቴ ሌሊቱን ተከፋፍለን በየሰዓቱ ጠብታ እናደርግላቸው ነበር። እንቅልፍ አጥተን ተነጫንጨናል፤ አልዋሽም።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ዓይኑን የታከመ አባት ወይም እናት ካለ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ያልታከመውን ዓይን በንጹሕ እጅ ከድኖ በታከመው እንዲያይ ጠይቁት። ከትናንቱ ዛሬ ከደበዘዘበት፣ ቅላቱ ወይም ሕመሙ ከጨመረ፣ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት። ሕመም የለም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ከአራቱ አንዱ ያህል ምንም ሕመም አልተሰማውም። ከጎረቤት ጠብታ መዋስ፣ በሻይ ማጠብ፣ «ሲድን እንዲህ ነው» ማለት ቀኑን ይበላል። ጸሎታችንን ታክሲ ውስጥም ማድረግ እንችላለን፤ እኛም ያደረግነው እንዲሁ ነው።

እማዬ በሦስተኛው ወር ፊት መለየት ጀመሩ። መጽሐፍ ለማንበብ ግን ያ ዓይን አልበቃም። የግራው ሞራ ደግሞ እየጠነከረ ሄደ። «ሁለተኛ አልነካም» ብለው ወራት ከቆዩ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ራሳቸው ቀጠሮ አስያዙ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ቀኝ ዓይናቸውን ከድነው ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ጮክ ብለው ያነቡልን ነበር። አንድ ጠዋት ቀኑን ተሳሳቱና ባለቤቴ ደንግጦ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ለካ ቅጠሉን የገለጠው ሰው አልነበረም።