ለጉና ቀይ ቀበሮ አጥር ይበጀው ነበር?

ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በእስቴ፣ በላይ ጋይንትና በፋርጣ መካከል የቆመ ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ቀድሞ ቀይ ቀበሮ ይኖርበት ነበር፤ ዛሬ የለም። የገብሱ እርሻ ወደ ላይ እየገፋ፣ ጓሳው በከብት እየተጋጠ ሲሄድ የተረፈው መሬት ለጥቂት ቀበሮዎች እንኳ ሳይበቃ ቀረ። ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የሌለው ይህ አውሬ አሁን ያለው በስድስት ደጋማ ቦታዎች ሲሆን፣ ለአቅመ ማራባት የደረሰው 500 እንኳ አይሞላም። በዓለም ላይ ባሉ መካነ እንስሳት ሁሉ ቢፈለግ አንድም አይገኝም። ታዲያ ከጉና ጥቂቶቹን በጊዜ ይዘን በአጥር ብናራባቸው ኖሮ ዘራቸው ይተርፍ አልነበረም ወይ? ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ለቀሩት ስድስቱም ቦታዎች ነገ መነሣቱ አይቀርም።

መልሱ የአውሬውን አኗኗር ከማወቅ ይጀምራል። ቀይ ቀበሮ ሌሊቱን ከመንጋው ጋር አድሮ ጎሕ ሲቀድ ወሰኑን በጋራ ይዞራል፤ ሽንቱን እየረጨ ድንበሩን ያድሳል። ከዚያ ይበታተንና እያንዳንዱ ለብቻው አይጥ ያድናል፤ ጆሮውን ቀስሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሳይነቃነቅ ይቆያል። አይጥ በሞላበት በባሌ እንኳ አንድ መንጋ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይይዛል። ይህን ሁሉ በአጥር ውስጥ መስጠት አይቻልም። ሥጋ ተወርውሮለት ዕድሜው ቢረዝም እንኳ የተረፈው ሰውነቱ እንጂ ኑሮው አይደለም።

በግዞት የኖሩት ሌሎች አውሬዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ አንበሶቹን ለአሥርት ዓመታት በጠባብ የብረት ፍርግርግ ውስጥ አኑሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናት እነዚህ አንበሶች ከሌሎቹ የተለየ ዘር እንዳላቸው አሳየ። ስለዚህ ግቢው ከንቱ ነበር ማለት ግፍ ነው፤ ዘር አቆይቷል። ሆኖም ልጆቻቸው የሚለቀቁበት ዱር አብሮ አልተዘጋጀም፤ ትውልድ በትውልድ ላይ እዚያው ፍርግርግ ውስጥ ተተካ። ከባሕር በኩል ደግሞ ኬይኮ የተባለው ኦርካ (ትልቅ የባሕር አዳኝ እንስሳ) አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአይስላንድ ተይዞ ከ20 ዓመት በላይ በሰው እጅ ከቆየ በኋላ ወደ ባሕር ቢመለስም ከወገኖቹ ጋር ሳይቀላቀል፣ ሰው እየተከተለ በ2003 ኖርዌይ ላይ ሞተ። በስሜን ተራሮች ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በጥይት እግሩ የተሰበረ አንድ ቀይ ቀበሮ ተገኘ። “ተረፈ” የሚል ስም ወጥቶለት 51 ቀን ታከመና የመከታተያ መሣሪያ አንገቱ ላይ ታስሮለት ወደ ዱሩ ተለቀቀ። ያም ግዞት ነበር፤ መውጫው ግን ከመግቢያው ጋር አብሮ የታሰበ፣ ዱሩም ቅርብ ነበር። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታስ የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ባሌ በገባ ቁጥር በደረሰበት አካባቢ አብዛኞቹን ቀበሮዎች ፈጅቷል፤ ዘር በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ለክፉ ቀን ይጠቅማል። ነገር ግን በሽታው የሚመጣው ከመንደር ውሻ ነው፤ ውሻን መከተብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ እንደተጀመረውም ለቀበሮው ክትባቱን በሥጋ ማጉረስ ምንጩን ይነካል። የበለጠ የሚከብደኝ የገበሬው ሙግት ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለዓመታት በሴፍቲኔት የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። መሬት የጠበበው ሰው ቀበሮው አጥር ይግባና ተራራው ይታረስ ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና ያ ከፍታ ሲታረስ አፈሩ በክረምት ታጥቦ ርብና ጉማራ ላይ ይወርዳል፤ ጉዳቱም ለዚያው ለገበሬው ነው። ጓሳው ተከልሎ በተራ እንዲታጨድ ከተፈለገ ደግሞ እስኪያገግም ድረስ ለሚቀርበት ግጦሽ መንግሥት መካሻ ሊሰጠው ይገባል፤ ባዶ እጁን ጠብቅ ማለት አያስኬድም።

እንግዲህ ቀይ ቀበሮን ለማራባት አጥር ይሠራ የሚል ሐሳብ የሚያመጣ ሁሉ ልጆቹ የሚለቀቁበትን ተራራ በስሙ ይጥራ፤ ያንን ተራራ የሚጠብቀውን ገበሬ ፈቃድም ይዞ ይምጣ። ይህ ሳይሟላ ግን ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም።