«ራጅ ተነስተሽማ ምን ይተርፋል?»

የጎረቤቴ ልጅ የአሜሪካ ዲቪ ደርሷት ለቪዛው የጤና ምርመራ፣ ለሜዲካል ሄደች። እንደ ማንኛውም አዋቂ አመልካች ለቲቢ ምርመራ የደረት ራጅ አነሷት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የወር አበባዋ ሲቀር ተመረመረች፤ ለካ አርግዛለች። የዚያኑ ዕለት ቡና ላይ አንዷ «ራጅ ተነስተሽማ ምን ይተርፋል?» አለቻት። በማግስቱ በሄደችበት ክሊኒክ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬም «ለማንኛውም ብታወጪው ይሻላል» አላት። የቱን የሰውነት ክፍል? ስንት ጊዜ? መቼ? ብሎ አልጠየቀም። እሷም አመነችውና አስወረደች። እሷና ባለቤቷ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቁት እርግዝና ነበር።

«ለማንኛውም» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ጠልቻታለሁ።

ፍርሃቱ ከባዶ አልተነሣም። በ1945 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ ሲጣል ማኅፀን ውስጥ ከነበሩት ልጆች መካከል፣ በተለይም ከ8 እስከ 15 ሳምንት ከሆናቸው፣ ጭንቅላታቸው አንሶ አእምሯቸው ተጎድቶ ያደጉ ነበሩ። ራጅ ክፍል በር ላይ «ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ይንገሩን» ተብሎ የሚለጠፈውም ለጌጥ አይደለም። ነገር ግን ቁንጥር ጨውም ኩንታል ጨውም ያው ጨው ነው ብሎ ወጥ የሚሠራ ሰው አላየሁም።

ፅንሱ ላይ የሚያርፈው ጨረር በሚሊግሬይ ይለካል። የደረት ራጅ ሲነሡ ጨረሩ የሚነጣጠረው ደረት ላይ ነው፤ ተበታትኖ ማኅፀን የሚደርሰው ከ0.01 ሚሊግሬይ አይበልጥም። ከአፈሩ፣ ከድንጋዩና ከሰማይ የሚመጣው የተፈጥሮ ጨረር ደግሞ በዘጠኙ ወር ውስጥ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግሬይ ይሆናል። ስለዚህ ያ ፅንስ ራጅ ክፍል ያገኘው ጨረር፣ እናቱ የትም ሳትሄድ ቤቷ ብትቀመጥ ከሚያገኘው ቢያንስ 50 ጊዜ ያነሰ ነበር። ከ50 ሚሊግሬይ በታች የአካል ጉድለት ሲጨምር አልታየም። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽንም በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ100 ሚሊግሬይ በታች በሆነ ጨረር ሳቢያ ፅንስ ማቋረጥ ተገቢ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፏል። የክሊኒኩ ሰውዬ ይህን ማንበብ ይችል ነበር።

በወሬ ፅንስ ያጡት የእኛ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በ1986 እ.ኤ.አ. የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲፈነዳ፣ እዚያ ግሪክ ድረስ የደረሰው ጨረር ከ1 ሚሊግሬይ በታች ሆኖ ሳለ፣ በፍርሃት ብቻ 2,500 ያህል የተፈለጉ እርግዝናዎች እንደተቋረጡ ተመራማሪዎች ገምተዋል።

የዳሌና የሆድ ሲቲ ስካን ግን እንደ ደረት ራጅ አይታይም። የዳሌው ብቻ ከ10 እስከ 50 ሚሊግሬይ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ተደጋግሞ ከሆነ በግምት ሳይሆን በስሌት መታየት አለበት። አከራካሪ ሆኖ የቀረው የልጅነት ካንሰር ነው። አሊስ ስቱዋርት የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእርግዝና ጊዜ ሆዳቸውን ራጅ በተነሡ እናቶች ልጆች ላይ ካንሰር በዝቶ አገኘች፤ በአነስተኛ መጠን ላይ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። ጉዳቱ አለ ብለን ብንቀበል እንኳ፣ 10 ሚሊግሬይ የሚጨምረው ከ2,000 ልጆች በአንዱ ገደማ ነው።

ማርገዟን ሳታውቅ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን የተነሣች ሴት የምርመራውን ወረቀት ይዛ ሐኪም ጋ ትሂድ፦ የቱ ክፍል፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ጊዜ። ሲቲ ስካን ከሆነ ማሽኑ የመዘገበውን የጨረር መጠን ትጠይቅ፤ የራዲዮሎጂ ሐኪም ከዚያ ተነሥቶ ያሰላል። የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ይረጋገጥ፤ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜም አካሉ ክፍል በክፍል ይታይ። አልትራሳውንድ ሁሉን እንደማያሳይ ግን ይነገራት፤ ራጅ ያልተነሡ እናቶች ከሚወልዷቸው 100 ልጆች እንኳ 3 ያህሉ የሆነ የአካል ጉድለት ይኖርባቸዋል። እኔን የሚያስፈራኝ «ብናገር አስወርጂ ይሉኛል» ብላ ራጁን የምትደብቀው፣ ይባስ ብላም ክትትሏን የምታቋርጠው ናት። በዚህ መሀል ፅንሱን ከነርቭ ቱቦ ጉድለት የሚጠብቀው የፎሊክ አሲድ ኪኒኗም ይረሳል። ኋላ ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ይህ ቱቦ ግን ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ የሚዘጋ ስለሆነ፣ ኪኒኑ ከማርገዝ በፊት ቢጀመር ነው የሚሻለው።

የቀሩት ወሬዎች ብዙ ቦታ አይፈልጉም። አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፤ የራጅ ዓይነት ጨረር የለውም። ኤምአርአይም ይህ ጨረር የለውም፤ ጋዶሊኒየም የሚባለው መርፌ ግን የግድ ካልሆነ ይቅር። ራጅ ሰውነት ውስጥ አይቀመጥም፤ መብራቱ ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን እንደማይቀር ማለት ነው። የጥርስ ራጅ ማኅፀን ጋ አይደርስም ማለት ይቻላል። ሳታውቅ የኩፍኝና የሩቤላ ክትባት የወሰደች ሴትም በዚያ ምክንያት ብቻ አታስወርድም። «ማደንዘዣ ልጁን ይጎዳል» ተብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ሲዘገይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ ይችላል፤ ያኔ ነው ፅንሱ በእርግጥ አደጋ ላይ የሚወድቀው። ለእንቅርት ተብሎ የሚዋጠው ጨረራማ አዮዲን ግን በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የፅንሱ የታይሮይድ ዕጢ ራሱ ይስበዋልና።

ለሜዲካል ለምትሄዱ፦ ራጁን ከመነሣታችሁ በፊት የእርግዝና ምርመራ ይደረግልኝ በሉ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ራጁን እስክትወልዱ ማቆየት ይቻላል።