ስለ «ምጠጣ» እና ስለ «ልጥፈት»

ከፋብሪካ ፍሳሽ መርዛማ ብረታ ብረትን ስለማስወገድ በአማርኛ በሚጻፉ ጽሑፎች «ከሰሉ ክሮሚየሙን መጠጠ» የሚል አነጋገር ያጋጥመናል። አነጋገሩ ለጆሮ አይከብድም፤ ሆኖም ሁለት የተለያዩ ሂደቶችን በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ወጡን የመጠጠ እንጀራ እስከ ውስጡ ይርሳል፤ ይህ ምጠጣ ነው። በብረት ድስት ግርጌ የያዘ ጥላሸት ግን በገጹ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ብረቱ አይሰርግም። ከሰሉ የሚያደርገው ይህን ሁለተኛውን ነው። አንድ ግራም በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ ከሰል በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ሁሉ ቢለካ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ገጽ አለው፤ የብረቱ አዮኖች የሚያዙት በዚያ ገጽ ላይ ነው።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪኽ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1881 ሁለቱን የለየው የላቲኑን ግሥ ባዕድ መነሻ ከ«ከ» ወደ «ወደ» በመለወጥ ነበር። አማርኛ በዚህ መንገድ ሊከተለው አይችልም፤ ግሡን ራሱን መለወጥ ይኖርብናል። «ለጠፈ» ከሚለው ግሥ «ልጠፋ» የሚል ስም ይወጣል። ነገር ግን ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ንባቡ «ልጠፋ ነው» ከሚለው ጋር ይምታታል፤ ለማይጠፋ ብረት ከዚህ የከፋ ስም አይገኝም። ስለዚህ «ልጥፈት» የሚለውን መርጠናል። ከሰሉ «መለጠፊያ»፣ አዮኑ «ተለጣፊ» ይባላሉ።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ቆዳ ማልፊያ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ክሮሚየሙ «ተመጠጠ» የሚለውን መመሪያ ሲያነብ ነገሩ ያለቀለት ሊመስለውና ከሰሉን ከወንዝ ዳር ሊደፋው ይችላል። «ተለጠፈ» ቢባል ግን የተለጠፈ ነገር እንደሚላቀቅ ያውቃል። በእርግጥም ይላቀቃል፤ እርሳስንና ካድሚየምን የያዘ ከሰል አሲድ ሲነካው የሃይድሮጅን አዮኖች ቦታውን ይሻሙና ብረቱን ወደ ውሃው ይመልሱታል። ከሰሉን አጥቦ ዳግመኛ ለመጠቀም የሚቻለውም በዚሁ ጠባይ ነው። ይህን ተቃራኒ ሂደት አንዳንዶች «ልቀት» ይሉታል፤ ቃሉ ግን ከጭስ ማውጫ ለሚወጣ ጋዝ ስለተያዘ «መላቀቅ» ማለቱን እንመርጣለን።

«ከባድ ብረት» የሚለውም እንዲሁ መታረም አለበት። «ብረት» ለብቻው አንዱን ማዕድን ስለሚያመለክት፣ እርሳስንና ሜርኩሪን ጨምሮ ለሁሉም «ከባድ ብረታ ብረት» ማለት ይገባል።