ሲሄዱ ይረዝማል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አሜሪካ ስበር አጠገቤ የተቀመጡት እናት የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ ነበሩ። ደብሊን ስናርፍ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ብድግ አሉ።

«ደረስን አይደል ልጄ?»

«ገና ነን እማማ፤ ነዳጅ ሊቀዳ ነው።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ያበጠ እግራቸውን ከጫማቸው አውጥተው በመስኮቱ ቦቴውን ሲያዩ ቆዩ። «ስመለስም እንዲህ ነው?» አሉኝ። ሲመለሱ ቀጥታ እንደሆነ ነገርኳቸው። «መሄጃውስ ምን ሆነ ታዲያ?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው። ሰዓቱ ግን አይገናኝም። ከደለስ የተነሣው የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። የሚሄደው ግን ለዓመታት አንዴ ሮም፣ አንዴ ደብሊን እያረፈ ከ16 ሰዓት በላይ ሲፈጅ ኖሯል። በደብሊን መዞሩ ርቀቱ ላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ ነዳጅ መቅዳቱ፣ እንደገና መነሣቱና ንፋሱ ነው።

አውሮፕላኑ አቅም አንሶት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የተረከበው ቦይንግ 777-200ኤልአር ሳያርፍ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲበር የተሠራ ነው። ችግሩ ያለው መነሻው ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉን የሚያነሣው አየር፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ነውና፣ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ አብዝቶ መፍጠን፣ አርቆ መንደርደር አለበት። 3,800 ሜትሩ አስፋልት ደግሞ ያልቃል። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ሰው ከነሻንጣው ከተሳፈረ የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። ጉዞው ማታ መሆኑ ትንሽ ያግዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ወፈር ይላል። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚያስፈልገውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ መነሣት ይቻላል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ንፋስ ተመላሹን ይገፋዋል፣ ሂያጁን ይጋፋዋል።

ቢሾፍቱ አቅራቢያ ስለታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወራ የሚጎላው የመንገደኛው ብዛትና የሕንፃው ግዝፈት ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ከፍታው ነው። ቢሾፍቱ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ አውሮፕላን ይህ በቶን የሚቆጠር ተጨማሪ ነዳጅ ነው። ንፋሱ እንዳለ ይቆያል፤ እሱን የሚያስቀርልን የለም። ዕቅዱን የሚያስረዱን ሰዎች ግን ከሕንፃው ሥዕል በፊት አንድ ነገር ቢነግሩን እወዳለሁ፤ ከዚያ ተነሥቶ የትም ሳያርፍ ደለስ የሚገባ አውሮፕላን ስንት ሰው፣ ከነበርበሬውና ከነሽሮው፣ ይዞ መነሣት ይችላል?