አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ስለ መግዛት

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የተሠራ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ለጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢዎች ሲቀርብ፣ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው በላዩ በተቀረጸው ስም ነው፤ ገዢም የሚታለለው በዚሁ ነው። ዌስትሊ ሪቻርድስ የተባለው የበርሚንግሃም ቤት ዝናው ስለ ገነነ፣ በቤልጅግ አገር «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ርካሽ ጠመንጃዎች እየተሠሩ ወደ አሜሪካ ይላኩ ነበር።

ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ስሙን ትቶ፣ አፈሙዙን ከሰደፉ አላቅቆ ከበታቹ ያለውን የፍተሻ ማኅተም ይመለከታል። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ «ኧ ኤል ዤ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ቢገኙ የተፈተነው በልየዥ ከተማ ነው፤ ዘውድ ቢታከልበት ደግሞ ከ1893 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። በእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ «ለድፍን ጥይት አይሆንም» የሚለው ጽሑፍ ከ1875 እስከ 1887 እ.ኤ.አ. ይታተም የነበረ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የብረቱ ነገር ነው። ብረትና አረብ ብረት ተጠማዝዞ የተሠራው የዳማስቆ አፈሙዝ መልኩ እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን ብዙው የተፈተነው በጥቁር ባሩድ ስለ ሆነ በዛሬው ጥይት ቢተኮስ ሊፈነዳና የተኳሹን እጅ ሊቈርጥ ይችላል። ዝገቱን ለማጥፋት ውስጡ የተፋቀ እንደ ሆነም ግድግዳው ይሳሳል፤ ይህም የውስጡን ስፋት ለክቶ ከታተመው ቁጥር ጋር በማስተያየት ይታወቃል።

በ1814 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን ፐርዲን የመሰሉ ቤቶች የሽያጭ መዝገባቸውን ስለ ጠበቁ፣ በጠመንጃው ተራ ቁጥር መሠረት የተሠራበትን ዘመንና የመጀመሪያውን ገዢ ማወቅ ይቻላል። ይህን ቁጥር በደብዳቤ ለመግለጽ ለሚያመነታ ሻጭ ቀብድ አይከፈልም።