ዋና ከተማዋን ከባሕር ያራቀች አገር

የቤሊዝን ካርታ ስናይ አንድ ነገር ገረመን። በማዕከላዊ አሜሪካ በካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ አገር ናት። ትልቋ ከተማ ቤሊዝ ሲቲ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነች፤ ዋና ከተማዋ ቤልሞፓን ግን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ ትገኛለች። ለምን?

ምክንያቱ ሀሪኬን የሚባለው አውሎ ነፋስ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ የባሕር ውኃ ነው። በእኛ ቀጣና ሳይክሎን ይባላል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ጅቡቲን በጎርፍ የመታው ሳጋር የዚሁ ዘመድ ነው። ገዳዩ ነፋሱ ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ነፋሱ ባሕሩን እየገፋ ወደ የብስ ሲያስወጣው የሚመጣው ውኃ ብዙ ጊዜ ይብሳል። ቤሊዝ ሲቲ ደግሞ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አትልም።

በ1931 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር ላይ ሕዝቡ በዓል ሲያከብር አውሎ ነፋስ መጥቶ 2,500 ያህል ሰው ገደለ። ከተማዋ እዚያው ተሠራች። ከ30 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1954 ዓ.ም. (ኦክቶበር 31፣ 1961)፣ ሃቲ የተባለው ሀሪኬን ከ3 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውኃ አስገባባት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መንገዱና ቤቱ በጭቃ ተሞላ።

በዚህ ጊዜ ነው ዋና ከተማውን ለማዛወር የተወሰነው። አገሪቱ ገና በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ሥራውን የመራው ጆርጅ ፕራይስ ነው። ግንባታው በ1967 ተጀምሮ መንግሥት በ1970 ወደ ቤልሞፓን ገባ። ቤት ለፈረሰባቸው ደግሞ ከቤሊዝ ሲቲ ወጣ ብሎ መጠለያ ተሠራ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው ያ ሰፈር ዛሬም የሰው መኖሪያ ነው፤ ስሙም ባፈናቀላቸው አውሎ ነፋስ ሃቲቪል ተባለ!

መሥሪያ ቤቶቹ ሄዱ እንጂ አብዛኛው ሕዝብ አልተከተላቸውም። ወደቡ፣ ገበያውና ዘመድ አዝማዱ ያለው እባሕሩ ዳር ነዋ። በ2022 ሊዛ የተባለው ሀሪኬን በቤሊዝ ሲቲ አቅራቢያ ሲገባ ብዙ የእንጨት ቤቶችን አፈረሰ።

ስለዚህ ማገገም ማለት ቤት መጠገን ብቻ አልሆነም። ከዳርቻው ፊት ለፊት ያለው ረጅም የኮራል ሪፍ የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራል፤ ሥሩ ውኃ ውስጥ የሚተከለው የማንግሮቭ ዛፍም እንዲሁ። ቤሊዝ በባሕሯ ነዳጅ መፈለግን በሕግ ከከለከለችና ማንግሮቩን የሚጠብቅ ደንብ ካወጣች በኋላ፣ ዩኔስኮ በ2018 ሪፉን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው።

ክፍላችን ግን አልተስማማም። ገሚሶቻችን ሁሉም ሰው ወደ ቤልሞፓን መሄድ ነበረበት አልን። የቀሩት ደግሞ፣ ዓሣ አጥማጁ እዚያ ሄዶ ምን ሊሠራ ነው? ብለው ጠየቁን።